ዘር አይበላም

እኛ ቤት ዘይቱ በሲኒ ተለክቶ፣
ከሰሉ በጣሳ፣ ሳሙናው ተገምሶ፣
ስኳሩም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ገብቶ፣
ማታ ያለቀው ዕቃ ጠዋት ተመልሶ
በዱቤ ደብተር ላይ በስማችን ይጻፋል።

"ድህነት ቁጠባን ያስተምራል" ይላሉ።
ይበሉ።
የሲኒውን ሂሳብ በሊትር ብታሰላው
ድሃ ከሀብታም ይልቅ በውድ ነው የሚበላው።
ብር እኛ ቤት ገብቶ አድሮ አያውቅም ነበር፤
ቢያድርም፣ ጠዋቱን በር ላይ አከራይ፣ ወይ ለቅሶ፣ ወይ እድር።
"ያበደርከው ይጠፋል፣ ያኖርከው ይሰረቃል፤
የበላኸውን ግን ማን ካንተ ይነጥቃል?"
ይሄ ነው አባቴ ያወረሰኝ ርስት።

የመጀመሪያ ደሞዜን ቃሊቲ፣ ከብረት መጋዘኑ፣ ፈርሜ ስወስድ
ርስቴን አረስኩት።
ጫማ ገዛሁ፣ ሁለት። ክትፎ በላሁ፣ ብቻዬን።
ስሙን ለማላውቀው ሰው ቢራ ከፈልኩለት።
ኮዬ ፈጬ ድረስ በኮንትራት ታክሲ ገባሁ፣ እንደ ሙሽራ፤
በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ኪሴ ውስጥ ክር ብቻ ቀርቶ፣
ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ በእግሬ መጣሁ፣ በዚያው ጫማ፣ በአቧራ።

በሩ ላይ ጋሽ ደቻሳ፣ የብሎካችን ዘበኛ፣
የተላጠ ተረከዜን አየ። አልሳቀም።
ዱላውን ኮብልስቶኑ ላይ ኳ አድርጎ
"እዚህ ጤፍ ነበር" አለኝ። "አንተ ከምትተኛበት ሥር ደግሞ ሽምብራ።
በክፉ ቀን እንኳ፣ ልጅ በረሃብ ሲያለቅስ፣
የዘሩን ከረጢት አባቴ አይፈታም።
ዘር አይበላም፣ ልጄ። ዘሩን የበላ ሰው
የመጪውን ዓመት ነው በአንድ ራት የጨረሰው።
ካሳ ሲሰጡኝ ግን ብሩን አላወቅሁት፤
ዘሩ ከእህሉ የቱ እንደሆነ ሳልለይ ነካሁት።
ሚኒባስ ገዛሁ፣ ተገለበጠ። ወዳጅ በላ፣ ዘመድ በላ፤
ይኸው የገዛ መሬቴን እጠብቃለሁ፣ በማኅበሩ ዱላ።"

ከዚያ ወር ጀምሮ ደሞዝ ሲገባ
ሌላውን ሳልነካ ዘሩን አነሳለሁ።
መጀመሪያ መቶ ብር። የባንኳ ልጅ ፈገግ አለች፤ እኔም።
ምሳ በዕቃ መያዝ አፈርኩ፣ ከዚያ ለመድኩ።
ጫማውን አሰፋሁ።
ከጎረቤቴ ከሉባባ ጋር ሽንኩርት በጆንያ ገዝተን እንካፈላለን፤
የምትመዝነው እሷ ናት። የኔን ዓይን አታምነውም።

አንዴ ግን አበዛሁት። የእህቴ ልጅ
ለደብተር ብላ ስትደውል "የለኝም" አልኳት፣ እያለኝ፤
ለጋሽ ደቻሳም እንደ ጀብዱ ነገርኩት።
ፊቱ ጠቆረ። "አይበላም አልኩህ እንጂ
አይዘራም አልኩህ?"
በማግስቱ አንድ ደርዘን ደብተር ይዤ ገላን ወረድኩ።
ልጅቷ ተቀበለችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ መጣች፣ አራተኛ ፎቅ፣ እያለከለከች።
ወጥ ቤት ገብታ ባለ አምስት ሊትሩን የዘይት ጀሪካን አይታ
ቆመች።
"ድግስ አለ?"
"የለም። የሦስት ወር ነው።"
ዝም። ጎኑን በመዳፏ ዳሰሰችው፣
እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ።
ከዚያ ሲኒ ጠየቀችኝ፤
ጠርዙ ድረስ ለክታ ለዛሬ ወጥ ቀዳች፣
ክዳኑን አጠበቀች፣
አሁንም አጠበቀች፣
ከመስኮቱ ፀሐይም ፈቀቅ አደረገችው።