ቢጫዋ ሳጥን

በቀን ሠላሳ ጊዜ ብቅ ትላለች፣
«እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ትጠይቃለች።
ለሳል ሽሮፕ እንኳ፣ ለራስ ምታት ኪኒን፣
ቢጫ ለብሳ ቆማ ትዘጋለች መንገዴን።
እኔም እንደ ትንኝ እሽ ብያት ላልፍ፣
ጣቴ ሳላዝዘው ይነካል «እለፍ»።

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ከደቅ ባሕር ዳር በጀልባ
ሙሉጎጃም መጣች፣ ጋቢ ተከናንባ፣
ባሏ በክንዷ ይዟት። ትንቀጠቀጣለች።

ደሟ ላብራቶሪ ታይቶ ሲመጣ፦
ቪቫክስ፤ የታወቀ የሐይቅ ዳር ጣጣ።
ክሎሮኩን ጻፍሁ፣ ፕሪማኩን ጨመርሁ፣
ያቺ ሳጥን መጣች፤ ጣቴን ሰነዘርሁ።
«የወር አበባ ያየችበት የመጨረሻ ቀን» ይላል፣
ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ይነጣል።

ለወትሮው ባዶውን በባዶ አልፈዋለሁ።
ያን ዕለት፣ ለምን እንደሁ እንጃ፣ ቆምሁ።

ሙሉጎጃምን አየሁ፤ እሷ ባሏን አየች፤
ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ካርድ ክፍል ደረሰኝ አለና
አምጣልኝ» አልሁት።
(ካርድ ክፍል ከተዘጋ ቆይቷል፤ እሱ አያውቅምና።)

በሩ ገጠም ሲል፣ እጇን ሆዷ ላይ ጥላ
«ሦስት ወሩ» አለች፣ በጋቢዋ ጫፍ ድምፅዋን ከልላ።
«እሱ ገና አልሰማም።»

ፕሪማኩንን ሰረዝሁ። ሳጥኗ ከሰመች።
መጠየቅ አስተምረዋታል፣ ጠየቀች።
ባል ከክፍል የሚወጣበትን ሰበብ ግን
ማንም አልጻፈላት።

ወዲያው መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን
በጓንት ካርቶን ጀርባ ጻፍሁ ወሩን፣
ነገ ኮምፒዩተሩ ሲነቃ እንዳልረሳ።

ኮሪደሩን በዳበሳ እየተራመደ
ባልየው ተመለሰ፦
«ዝግ ነው እኮ፣ ሲስተር።»