ሰባት ጊዜ ውሃ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ሲንከባለል ወርዶ፣
የዱቄት መጋዘን ደጃፉን ጋርዶ፣
የዘረጋሁት እጅ ከትከሻዬ ርቆ ሄዶ፣
የባትሪዬ ብርሃን ነጭ ግድግዳ ገጥሞት ሲመለስ ተዋርዶ፣

እሷ ግን ተኝታ፣
አፍንጫዋን ብቻ ለነፋሱ ሰጥታ፣
ሆጤን ታነባለች እንደ ጋዜጣ ዘርግታ።
ማን በዚህ እንዳለፈ፣ ማን አጥር ይዞ እንደሸና፣
የማን ሽሮ እንዳረረ፣ የቱ አይሱዙ ናፍጣ እንዳንጠባጠበ በኩታበር ጎዳና፤
ያለፈ አያልፍባትም፤ ትናንት ለሷ ዛሬም አለና።

ሰው ማለት ዓይን ነው፤ ዓይኔን ጉም ሲሸፍነው፣
አሥራ አንድ ክረምት ደመወዝ ስቀበል፣ ዘበኛው ማን ነው?

አላሳደግኳትም። አስናቀ ነው ያመጣት፣
ቀይ ክር በአንገቷ አስሮ፣ «ዳማ» ብሎ የጠራት፤
ጡረታው ደርሶ ወደ ሐይቅ ሲገባ፣ ለኔ ተዋት።
«ይማም፣ ፈረቃ አታውቅም፤ ፍርፋሪ አትንፈጋት።»
አልነፈግኩም። ግን በመሀላችን ዱላዬን አስተኛሁ፤
ውዱእ አለኝ፤ ሳልነካት፣ ሳትነካኝ ስንት ሌሊት አነጋሁ።

አንዴ ዱቄት ጭነን፣ ሐረጎን ቁልቁል ተጠማዘን፣
ኮምቦልቻ ገባን በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ በአናታችን ይዘን፤
ሸሚዜ ተጨመቀ፣ ጀርባዬ ቦርከናን አፈሰሰ፤
የሷ ፀጉር ደረቅ፤ ምላሷ ብቻ መሬት ደረሰ።
አንዱን ሙቀት እንዲህ ተካፈልነው፦
እኔ በቆዳዬ ሳለቅሰው፣ እሷ በትንፋሿ ስትበትነው።

መዲና እራቴን ስታመጣ፣ መጽሐፏን አብራ ይዛ፣
«አባ፣ ውሻ ቀይ አታይም እኮ! ለሷ አመድ ነው፣ ደብዛዛ።»
የዳማን አንገት አየሁ፤ ክሩ እንደ በርበሬ ቀልቶ።
«ታዲያ አስናቀ ለማን አሰረው?» አልኳት።
ዝም አለች፤ ጉሙ መጣ በሩን ሞልቶ።

ነሐሴ፣ ለሱብሂ ጥቂት ሲቀረው፤
ስኳር ከያዘኝ አምስት፣ እግሬ ከረሳኝ ሁለተኛ ክረምቱ ነው።
ሐኪሟ «በየማታው ውስጥ እግርህን እይ» ብላኝ ነበር፤
እኔ የማየው በር።
ዳማ ከስክሴን አሸተተች። አላዘነች። ዞራ መጣች።
ዱላ አሳየኋት። ዱላዬን ተሻገረች።
ለውዱእ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ተረከዜን ላሰች።

«ከልብ!» አልኳት፣ በዐረብኛ፣ ከደረሳነቴ በተረፈችኝ ቃል፤
አሁን ማን ይታጠባል በዚህ ብርድ? ሰባት ጊዜ ይሏል!
ጀሪካኑን አነሳሁ፤ የደሴ ውሃ እንደ ምላጭ ይበላል፣
እጄን ማለቴ ነው። እግሬማ ምን ያውቃል?

አንድ።
ሁለት።
ሦስት፤ አንዱን በአፈር ልል ጎንበስ ብዬ ባትሪውን ሳበራ፣
ውሃው ቀልቶ አየሁት፣ በድንጋዩ ላይ መንገድ ሲሠራ።
የጣውላ ሚስማር፣ ሶሉን በስቶ፣ ከኔ ጋር ስንት ሌሊት ሲያድር፤
በባዶ እግሯ እሾህ ከጠጠር ለይታ እሷ ስትኖር፣
እኔ በቆዳና በጎማ ታሽጌ፣ ከራሴ ርቄ ነበር።

ቀይ የማታየው ናት፣ ቀዩን ከጫማ ውስጥ ያነበበችው።

ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መንገዱ ግን የለም፣
ጉም ውጦታል። እያነከስኩም አይደል፣ እግሬ አያመኝም፣
እንዲያው በጥርጣሬ ስረግጥ፣ ዳማ ከፊት ቀደመች፤
ሦስት እርምጃ ትሄድና፣ ዞራ ትጠብቀኝ ነበረች።
ጅራቷ ጠፋኝ፣ ጀርባዋም፤ ጉሙ ያልበላው አንድ ክር፣
ቀይ፣ እሷ የማታየው፣ ከፊቴ ብልጭ ድርግም ሲል ነበር።

አስናቀ ለማን እንዳሰረው ለመዲና እነግራታለሁ።
ሰባቱን ግን አልሞላሁም፤ አራት ውሃ ዕዳ አለብኝ፣ አውቃለሁ፤
ፋሻው ሲፈታ እከፍላለሁ።

ደጃፉ ላይ ተኝታ ጠበቀችኝ፣ እንደ ዘበኛ፤
ስወጣ «ከልብ» አልኳት፤
ያን ጊዜ ግን በአማርኛ።