አንድ ካሬ ሜትር

ሻርጃ ላይ ጥር ሲገባ ፀሐይ ትለዝባለች፣
በሁለት ፎቅ መሀል አጮልቃ ታያለች።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ እኔ ነኝ ረዳቱ፤
ልጅ መቁጠር ነው ሥራዬ፣ በማታ በጠዋቱ።
ሃያ ሦስት ይወጣሉ፣ ሃያ ሦስት ይወርዳሉ፤
አንድ ቢጎድል ጉዴ ፈላ።

ዛሬ ግን መምህርቷ፣ ሚስ ሪንሲ የሳይንሷ፣
መጽሐፍ አስዘግታ፣ ቆብ ደፍታ በራሷ፣
"ኑ!" አለች።
ወዴት?
ሙዚየም አይደለም፣ መናፈሻም አይደለም፤
ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ አጥሩ ከፈረሰበት፣
ሰው ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ከደመደመበት
ባዶ መሬት።

በሽቦ የተሠራ አንድ ካሬ ሜትር
ጣለች አሸዋው ላይ። "በዚህ ውስጥ ያለ ፍጡር
ሁሉ ይጻፍ፤ ጉንዳን ብሎ መናቅ የለም።"
ያ ሁሉ የሊፍት ልጅ፣ ያ ሁሉ የምንጣፍ፣
በጉልበቱ ወረደ፣ ጀመረ መጻፍ።
"ጉንዳን፦ አርባ አንድ።"
"ላባ፦ አንድ። የማን ነው?"
"የማይና!" አለ አሽዊን፣ "እኛ አገር የሞላ ነው።"
"የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ ጠብ በሚልበት
ሣር፦ ሰባት። የሲጋራ ቁራጭ፦ ስድስት።"
ሚስ ሪንሲ ሳቀች። "እሱንም አስገቡት።"

ገመድ ያዢልኝ ብላኝ ከጎን ቆሜ ሳለሁ
አንዲት ችግኝ አየሁ።
እሾኋ ጥንድ ጥንድ፣ ቅጠሏ ላባ መሳይ፤
የመልካ ወረር ልጅ ይህችን ይረሳል ወይ?
አባቴ ጥጥ የለቀመበትን ማሳ የዋጠች!
"አውቃታለሁ!" አልኩኝ፣ ድምፄ ከኔ ቀድሞ፣
እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ በዓረብኛ ታክሞ።
ሃያ ሦስት ራስ ዞረ። ሚስ ሪንሲ ዝም አለች፣
ከዚያ ጠመኔውን ሰጥታኝ ቦታዋን ለቀቀች።

"ሥሯ ውኃ ፍለጋ ከፎቅ ቁመት ይወርዳል፤
ሲቆርጧት ትስቃለች፣ ጉቶዋ አሥር ይወልዳል፤
ፍሬዋን ያዘወተረ ፍየል ጥርሱ ያልቃል።"
"ከየት መጣች?" አለች ጁማና።
"ከባሕር ማዶ። ለጥላ ብሎ ሰው ነው ያመጣት።"
"ቪዛ አላት?" አለ አሽዊን። ሳቁ። እኔም ሳቅሁት።
ሚስ ሪንሲ ትንሿ ሰሌዳ ላይ ቃሉን ስትጽፈው
እኔ በልቤ "መጤ" አልኩት፤
ምላሴ ላይ ቆየ፣ እንደ ኮሶ፣ ሳልውጠው።

"ያገሬውስ ዛፍ የታል?"
ከአጥሩ ወዲያ አንድ ጋፍ፣ አቧራ የለበሰ፤
ጥላው ሥር ሦስት ሞተር፣ የምግብ አድራሾች፣
እንቅልፍ የጣላቸው።

"ቆይ! አትነቃነቂ!" ጁማና ጮኸችብኝ።
የጫማዬ ጫፍ ከሽቦው ውስጥ ገብቷል።
"የሰው እግር፦ አንድ" ብላ ጻፈች።
"ከየት ነው?"
"ከመልካ ወረር።"
ፊደል በፊደል አስቆጠረችኝ፣
በዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ አስቀመጠችኝ።

ደወል። ደጃፉ ላይ ቆሜ
ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት።
ከአሽዊን ምሳ ዕቃ ግን ኳ፣ ኳ የሚል ነገር።
"ምንድነው?"
"ጥንዚዛ። ነገ እመልሰዋለሁ። ለማንም አትናገሪ።"
ዐይኑን አየሁት። በሩን ዘጋሁ።
"ስንት ናቸው?" አለ ሹፌሩ።
"ሃያ አራት።"
"ማን ተጨመረ?"
"ንዳ።"