ኒኬልና ኒኬል

ጉሙ ሉነንበርግን ሸፍኖት ከማለዳ፣
ኦርቪል ተንበርክኳል ከመታጠቢያ ገንዳ፤
የፍሳሹን አንገት፣ ነሐሱን ሊፈታ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልነካውን ቦታ።

መፍቻው ተንሸራቶ ጣቱን ላጠውና፣
ተሳደበ ቀስ ብሎ፣ ሞከረ እንደገና።
ዘይት አጠጣው፣ በእሳት አሞቀው፣ ለመነው፤
ሲላቀቅ ጩኸቱ የመልሕቅ ሰንሰለት ነው።

ጎትቶም አወጣ እርጥብ የፀጉር ጭራ፣
ከታቹ ቀይ፣ ከላይ ነጭ፤ ዕድሜ በየተራ።
ዊኒፍሬድ እንዳታይ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ “ኋላ እጥላለሁ” ብሎ።

አዲሱን ገጠመ፣ ዳሩን ማስቲሽ ቀብቶ፣
ካርቶኑ ላይ “ኒኬል” የሚል ጽሑፍ አይቶ፤
ከቧንቧው፣ ከፎጣው ቀለበት፣ ከእጀታው
ዘመድ እንዲሆን ነው ነሐሱ የተፈታው።

መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
አየችው በመስኮት ብርሃን፣ አንገቷን አዘንብላ።
“ቧንቧው ነጣ ይላል፤ ይሄ ቢጫ ነው እኮ!”
“ኒኬል ነው ሁለቱም” አለ እንደተንበረከከ፣ እንደ ልጅ አኩርፎ።

“ደግሞስ ውሃ ውስጥ ነው፤ ማንስ ያየዋል?”
“ውሃው ይሄዳል” አለች፣ “እሱ ግን ይቀራል።
ውሃው ሲሄድ በብርድ የምቀር እኔው ነኝ፤
ያኔ ያ ብቻ ነው አፍጥጦ የሚያየኝ።”

ኪሱን ዳሰስ አረገ። ማስቲሹ ሳይደርቅ፣
መፍቻውን አነሳ ዳግመኛ ሊያላቅቅ።
“ደረሰኙን” አላት፣ “የት ነበር ያኖርነው?”