አራት ዓመት ከአንድ ቀን

የቀሃ ማዶ ዕድር፣ የእኛም የአንገረብ ዳር፣
«አንድ እንሁን» ተባብለው ጨረሱ ክርክር።
ድንኳን ከድንኳን ጋር ባንድ ግምጃ ቤት አደረ፣
ብረት ድስቱ ተቆለለ፣ አግዳሚው ተቆጠረ፤
መዝገቡ ብቻ ቀረ።

እማዋይሽ የነሱ ጸሐፊ፣ እኔ ደግሞ የእኛ፣
ቅዳሜ ከሰዓት ማራኪ ላይ ዋልን፣ የግድ ጓደኛ።
የኔ አሮጌ ማክ ነው፣ የእህቴ ልጅ ሲመረቅ የተወልኝ፣
የሷ ዊንዶውስ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚያጓራብኝ።

በሷ በኩል አንድ ቁልፍ አለ፣ ሁለት ፋይል አቁሞ
የሚያፋጥጥ፣ ልዩነቱን የሚያሳይ በቀይ ቀልሞ።
በኔ በኩል የለም። ሜኑውን አገላበጥኩ፣
መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ ፈለግኩ፣
የለም።
የኔን ወስዳ ስትከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ፤
የሷን እኔ ስከፍተው፣ ለከፋዮች የቀባችው ቢጫ በነነ።
«እንግዲህ ባይናችን» አለች፣ «ሌላ ምን አለን?»
ስም በስም ጀመርን።

«ሠናይት።»
«በየትኛው?»
«በንጉሡ ሠ።»
ከኔ ዘንድ በእሳቱ ናት። ለማሽኑ ሁለት ሴቶች፣
ለኛ ግን አንዲት፣ ያቺው የቅዳሜ ገበያዋ በርበሬ ሻጭ።
«ጸሐይ» አለ፣ «ፀሐይ» አለ፣ «ፀሀይ» አለ፤
ሦስት ፀሐይ ወጣብን ባንድ ከሰዓት፣
አንዱም ሳይጠልቅ መሸ።
ለአንዲት ፊደል ሲሟገት ሌሊቱን የሚያነጋ ደብተራ ባለበት አገር፣
ከሁሉ ግትር ሆኖ የተገኘው ማሽኑ ነበር።

የሙታኑን ዓምድ ግን «ይሄስ ቀን ብቻ ነው» ብለን
ከሷ ቀድተን ከኔ ለጠፍን።

እማዋይሽ ዝም አለች።
ጣቷ ረድፍ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ቆመ።
ቢሻው። ባሏ።
«ይሄ ቀን ልክ አይደለም» አለች፣ ቀስ ብላ።

የኔ ማሽን ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከሷው ማሽን ዘግይቶ ነው፤
አራት ዓመት ከአንድ ቀን።
(ዘመን በመቁጠር መለያየትማ ለኛ መቼ ብርቅ ሆኖ!)
እናም ሙታኑ በሙሉ፣ ማንም ሳይለምንላቸው፣
አራት ዓመት ከአንድ ቀን ተመርቆላቸዋል፣
እንደ ገበያ ጤፍ ከስፍሩ በላይ።

ቢሻው በዚያ አራት ዓመት
የልጁን ጋውን አየ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ቀየረ፣
የአዘዞን መንገድ በሚኒባሱ ተመላለሰ።
ይህን እኔ አላልኩም። እሷም አላለች።
ከቀኑ ጎን ያለችው ዓምድ ግን ቀመር ናት፣ ሐዘን አታውቅም፤
አርባ ስምንት ወር በሃያ ብር አባዝታ
በቀይ ጻፈች፦ ውዝፍ ዕዳ፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ብር።

እማዋይሽ ሣቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።
«ልክፈልለት?»
ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ።
ብሩን ትቆጥር ነበር።

«ተይ» አልኳት፣ «ደንቡ ከሞተ ሰው መቀበልን አይፈቅድም።»
ደንቡ እንዲህ አይልም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ባንድ ቀመር ከሁሉም ላይ አራት ዓመት ቀነስኩ፤
ሙታኑ ወደየመቃብራቸው ተመለሱ፣ ዕዳቸውም ተሰረዘ፣
መብራት ሳይሄድ ሴቭ አደረግኩ።

አንዷን ቀን ረስቻት ኖሯል።

እሑድ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት፣ ያተምኩትን ሳነብ
«ቢሻው፣ ረቡዕ» አልኩ።
ረቡዕማ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።
የሞተው ማክሰኞ ነው።
እስክሪብቶዬን አነሳሁ።
እማዋይሽ ከኋላው ወንበር ቀና ብላ
ራሷን በቀስታ ነቀነቀች።

አልነካሁትም።
በእኛ መዝገብ
ቢሻው ማክሰኞን አድሯል።