የሳህኑ ጀርባ

«ፊቱን አትመኚው» ይላሉ ሐጂ ጃዋድ፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣
«ለአበባው ማን ገዶት! ሳህን የሚጠየቅ በጀርባው ነው» ብለው።
መጥራህ፣ የባሕሩ ጨው ግድግዳ በሚልስበት ጠባብ ሱቅ
እገለብጣለሁ፤ ከሥሩ ማኅተም፦ ዘውድ፣ ቋጠሮ፣ መልሕቅ።
አንዱ ጎድጎድ ብሎ ይዳሰሳል፣ ጭቃው ሳይደርቅ የተወጋ፤
ሌላው ሰማያዊ ቀለም፣ ከመስታወት ልባሱ ሥር የረጋ።
«አገር ካልጻፈ አሮጌ ነው። ‹እንግሊዝ› ብቻ ካለም ሰንብቷል፤
‹በእንግሊዝ የተሠራ› ካለማ ተዪው፣ ትናንት መጥቷል።»

ከሁሉ የምወደው የአልማዝ ቅርጹን ነው፣
በየጥጉ ፊደል፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ያለው።
የልደቱ መስሎኝ ነበር።
«አይደለም» አሉኝ፤ «ንድፉ መዝገብ የገባበት ነው እንጅ፤
ሸክላው ከእሳት የወጣበትንማ ማን ጽፎት፣ አንቺ ልጅ?»

ዝም አልሁ።
የኔም ፓስፖርት ላይ አለ እንዲህ ያለ ቀን፣
ደሴ ላይ ደላላው የሰጠኝ ልደቴን።
አሥራ ስድስቴን ወስዶ ሃያ አምስት አደረገኝ፣
ውዴነሽን ሰርዞ ዘሃራ ብሎ ጻፈኝ።
አዲስ ሳህን ሻይ ነክሮ የሚያስረጅ ነጋዴ አይቻለሁ፤
እኔን ያስረጀኝ በእስክሪብቶ ነው፤ እሱንም አውቀዋለሁ።

ትናንት ከኒዝዋ አንዲት ባልቴት ሳህን አመጡ፣ ምልክቶቹ የተፋቁ፤
ሐጂ ጥፍራቸውን አሳረፉበት፣ በመብራት አዩት፣ ሳቁ።
«በይ እስቲ፣ ዕድሜው ስንት ይሆን?»
አላወቅሁም።
ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ዋጋ ሳልጽፍ፣ ለብቻው አኖርሁት፤
አበባውን ገና ያን ጊዜ ነው ያየሁት።