ውሃ ልክ

ቤቱን የገዛሁት በጥር ነው፣ በደረቁ፣
አቧራ ሲነሳ፣ ቅጠሎች ሲወድቁ።
ግድግዳው ነጭ ነበር፣ ትናንት የተቀባ፤
ደላላው ተካልኝ ጫማውን አውልቆ ቀድሞኝ እየገባ፣
«ይህን ግንብ ንኪው፣ ድንጋዩን አድምጪ፣
ከዚህ የሚሻል ቤት ከጀጎል አታመጪ።»
ነካሁት፤ ቀዝቃዛ። «ጥላ ነው» አለኝና
ዝም አልኩ፤ ቤት ያማረው ዓይኑ አያይምና።

ከቀዩ መደብ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣
ከምንጣፉ ኋላ ትልቅ ቁምሳጥን ግንቡን ተጠግቶ፣
ከቁምሳጥኑ ኋላ . . . ማን ያየዋል ገፍቶ?

የአሥራ አንድ ዓመት ዕቁብ፣ የሌሊት ተረኛ የነርስ ደመወዝ፣
ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ጣቴ ላይ እስኪቀር የብር ኖቱ ወዝ።

ከዚያ መጣ ሐምሌ።

መጀመሪያ ሽታ። አሮጌ ጆንያ፣ የተረሳ ፎጣ፣
ከየት እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ከወለሉ ወጣ።
ቀጥሎ ጨው አብቦ፣ ነጭ እንደ በረዶ፣
ቀለሙን ገፈፈው ከሥር ወደ ላይ ሄዶ።
ግቢው መሃል ቆሜ፣ ጃንጥላ እንደያዝኩ፣
ዝናቡ የሚሄድበትን ተመለከትኩ።
ወደ ደጅ አይሄድም፣ ወደ መንገድ አይወርድም፤
እንግዳ እንኳ እንዲህ ሳያንኳኳ ሳሎን ዘው አይልም።

ሥራ ቦታ ነገርኩ። አንዱ «ሬንጅ ቀቢው»፣
ሌላው «ሲሚንቶ ነው፣ ደግመሽ አስመርጊው»፤
አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እስከ ጥር ጠብቂና
ቀለም ቀብተሽ ሽጪው፣ እንዳመጣጡ።»
ስምንት ሌሊት ያህል ይህን አስቤያለሁ። አልዋሽም።

ግንበኛው አብዱልባሲጥ ከሰንጋ በር መጣ፣
ሳይናገር ከቦርሳው ውሃ ልክ አወጣ።
መሬት አጋደማት፤ አረፋዋ ወዲያው ወደ ውጭ በር ሸሸች፣
እሷም እንደ እኔ ቤቱን የጠላች መሰለች።
«ግቢሽ ወደ ቤት ነው የሚያዘነብለው፤
ሲሚንቶ ያፈሰሰው፣ ለሞተር ሳይክሉ፣ ያ ልጅ ፈትሂ ነው።
ድሮ ኖራ ነበር። ኖራ ይተነፍሳል፤
በሲሚንቶ ታፍኖ የተያዘ ውሃ ሽቅብ ይገሰግሳል።»

መዶሻ አነሳ። ከሲሚንቶው በታች የተጠረበ ድንጋይ፣
ከድንጋዩ በታች ክንድ የሚያስገባ ቦይ።
የቦዩ አፍ ግን
ጨርቅ፣ ጭቃ፣ የልጅ ሸበጥ፣ ጠጠር የተጠቀጠቀ፣
በእጅ፣ በዘዴ፣ በቁጣ፣ እስከ ጉሮሮው የታነቀ።

እማማ ረምላ በመሃሉ በር መጡ፤
ጉድጓዱን አዩና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።
«ሸበጡ የልጄ ነው። የደፈንኩት እኔ ነኝ።
የነሱ እጣቢ ደጃፌ እያደረ ሲያስቸግረኝ፣
ነገርኳቸው፣ እምቢ። ሽማግሌ ላኩ፣ እምቢ።
አንድ ሌሊት ታዲያ ልጄ ፋኖስ ያዘ፣ እኔ ጭቃ አቦካሁ።
ውሃው ወደ እነሱ ሲመለስ ሰማሁ፤
ደስ አለኝ፣ መጀመሪያ።
ሃያ ስድስት ክረምት።
ሰዎቹም ሞቱ፣ ልጁም ሸጠ፣ አንቺ መጣሽ።
ላንቺ አልነበረም።»

አብዱልባሲጥ ሊስቅ ብሎ ሳቁን ዋጠ፣
ቦዩን ወደ መንገድ በሌላ አቅጣጫ ቆረጠ።
ግቢውን አንድ ስንዝር ቆፍረን ዝቅ አድርገን አጋደልነው፤
ግንቡን ሲሚንቶውን ፍቀን ኖራ አለበስነው።
ግማሹን ወጪ እማማ ከፈሉ፣
በሦስት ጊዜ፣ በመሐረብ ቋጥረው፤ እምቢ ብል እምቢ አሉ።

«መቼ ይደርቃል?» አልኩት።
«ሦስት በጋ ይፈጃል። ቁምሳጥን አታስጠጊ።
ቀለም አትቀቢ።»

ትናንት ሌሊት ዘነበ። ባትሪ አብርቼ
ቦዩ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ፣ ጫማዬን ረስቼ።
ውሃው ጥቂት ቆመ፣
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ መንገድ ወረደ።
ከግንቡ ማዶ መብራት በራ።
«ሄደ?» አሉ እማማ።
«ሄደ።»

ግድግዳዬ ግን እስከ ጉልበቴ ድረስ ዛሬም ጠይም ነው።
በየጠዋቱ መዳፌን አስጠጋለሁ።
ይቀዘቅዛል።
ትንሽ ቀንሷል መሰለኝ።